የእግር አንጓ ክርክር በድሬ

ባህር ዛፍ ላይ የሚወጣውን እብጠት በችግኝ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የቅጠሉ መሃል ጅማት፣ የቅጠሉ ዘንግና ለጋው ቀንበጥ ያብጣሉ። ቅጠሉ ይጣመማል፣ ችግኙም እድገቱ ይገታል። ቀይ ባህር ዛፍ ላይ ይብሳል። ይህን የምታደርገው ሌፕቶሳይቤ ኢንቫሳ የምትባል ትንሽ ተርብ ናት። አገሯ አውስትራሊያ ነው። ሳይንሳዊ ስም ያገኘችው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ድሬዳዋ ካለ አንድ ችግኝ ጣቢያ እንዲህ ያበጠ ቅርንጫፍ መጣልን። እንደ ወትሮው ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩት። በዚያ ሙቀት ተርቦቹ ብዙ አላስጠበቁኝም። በእርጥብ ብሩሽ እየለቀምኩ አልኮል ውስጥ ጨመርኳቸው።

ማይክሮስኮፕ ሥር ሳያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ጥቂቶቹ ቡናማ ሆነው ሰማያዊና አረንጓዴ ያብለጨልጫሉ፤ ርዝመታቸው ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የሚበዙት ግን ወደ ቢጫ ያደላሉ። ከኋላቸው ረጅም እንቁላል መጣያ አላቸው፤ የፊት ክንፋቸው ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥብ አለ። ያቺ ነጥብ የሜጋስቲግመስ ወገን ምልክት ናት። ከዚህ ወገን የሌፕቶሳይቤን እጭ እዚያው እብጠቱ ውስጥ እየበሉ የሚያድጉ አሉ። የተባዩ ጠላቶች ናቸው ማለት ነው። ሳያቸው ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ከመሃል አገር አንድ ከፍተኛ ባለሙያ መጥተው ነበር። ሪፖርቱን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። በማይክሮስኮፑ አዩና፣

«የበዙት የትኞቹ ናቸው?» አሉኝ።

«ቢጫዎቹ።»

«በቃ፣ ተባዩ እሱ ነዋ። ፎቶ አንሺና ሪፖርቱ ላይ አስገቢው።»

«ዶክተር፣ እብጠቱን የሠሩት እነዚህ አይደሉም። የእግራቸውን አንጓ ይቁጠሩልኝ።»

«የነፍሳት እግር ስድስት ነው። ምኑን ልቁጠር?»

«እግሩን ሳይሆን የእግሩን ጫፍ አንጓ። ቡናማዋ 4 አላት፣ ቢጫዋ 5። ቤተሰባቸው ራሱ ለየቅል ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልቆጠሩም።

«ልጄ፣ ከእብጠቱ ወጥቷል አይደል? ከቤት የወጣ ባለቤቱ ነው።»

«እንግዳም ከቤት ይወጣል» አልኳቸው። መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደረጃዬ ዝቅ ያለ ስለሆነ አልሰሙኝም ብዬ አይደለም። መልሱ እዚያው መስታወቱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ዝቅ ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቢጫዎቹ የበዙበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የመጣልን ቅርንጫፍ ያረጀ ነበር። እብጠቱ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ሞልቶታል። ሌፕቶሳይቤ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ ከ4 ወር በላይ ትቆያለች። እኛ ዘንድ ሲደርስ አብዛኞቹ በስተው ሄደዋል። የቀሩት ሳይወጡ የተበሉትን እጮች በልተው ያደጉት ቢጫዎቹ ናቸው። በብዛት ከፈረድን ሁልጊዜ እንዲህ እንሳሳታለን።

ቀለምም ብቻውን አይበቃም፤ አልኮል ውስጥ የቆየ ናሙና ይደበዝዛል። እኔ ቡናማዋን ሌፕቶሳይቤ ናት ያልኩት የአንቴናዋ ሥረኛ አንጓ ቢጫ መሆኑን፣ የፊት ክንፏ መነሻ ጅማት ላይ ደግሞ 3 ወይም 4 ፀጉር መቆሙን አይቼ ነው። ለዚህ ክንፉን ነጥሎ መስታወት ላይ ማንጠፍ፣ መብራቱን ማስተካከል፣ ትንፋሽን መዋጥ ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳል። ግን ሥራችን እኮ ይኸው ነው።

ሪፖርቱ በቢጫዋ ፎቶ ወጣ። ከሥሩ «ይረጭ» የሚል ምክር አለበት። ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት እብጠቱ ውስጥ ያለውን እጭ አያገኘውም። ውጭ የምትበረውን የተባዩን ጠላት ግን ይገድላል። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ደወለልኝ። የድሬ ልጅ ነው፣ አንቱታ አያውቅም።

«አቦ አንቺ ንገሪኝ፣ ልርጭ ልተው?»

«ተወው። ጤነኛውን ችግኝ ከታመመው አርቀው፤ ከዚያ ጣቢያም ለሌላ ቦታ ችግኝ እንዳትሰጥ።»

አልረጨም። የሰማው እሱ ብቻ ነው።

ፎቶው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። በቅርቡ ሐረር አካባቢ ሥራ የጀመረ አንድ ልጅ «እህቴ፣ ሌፕቶሳይቤ አገኘሁ» ብሎ በቴሌግራም ምስል ላከልኝ። ክንፏ ላይ ያቺው ጥቁር ነጥብ አለች። የእግሯን አንጓ ቁጠርና ደውልልኝ አልኩት። ማታ ደወለ።

«5 ነው።»

«እንግዲያው ስሙን ሰርዝና ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጻፈው። ያረጀውን ተውና ቀዳዳ የሌለው ለጋ እብጠትም ቆርጠህ ጠርሙስ ውስጥ ክተት።»

ጻፈው። አለቃው ግን እስካሁን አልፈረመለትም።