ለአሮጌዋ ዲኤክሴ ከሥር ሰርጅ ታንክ እንዴት እንደገጠምኩላት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አንድ ጠምዛዛ ዳገት አለ። እዚያች ቦታ ላይ መኪናዬ አራት ጊዜ ጠፍታብኛለች። ሁሌም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መጀመሪያ ታስላለች፣ ከዚያ አንዴ ትንፈራገጣለች፣ ከዚያ ጸጥ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል፣ እኔ የእጅ ፍሬን ይዤ ቁልፍ አዞራለሁ። ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

መኪናዋ የ1982 ሞዴል ቶዮታ ዲኤክስ ናት። የአባቴ ነበረች። በውስጧ የነበረው 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲው ባለ ካርቡራተር፣ ዘይት መጠጣት ሲጀምር አውጥቼ 7ኬ ኢ አስገባሁባት። ይሄኛው 1781 ሲሲ ነው፤ ነዳጁን የሚረጨው በኢንጀክተር ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ የድሮው ካምቢዮ ገጠመ። ኢንጀክተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ሽቦ ሁለት ወር ወሰደብኝ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ ሙሉ ሲሆን መኪናዋ ትበራለች። ከሲሶ በታች ሲወርድ ነው ችግሩ የሚመጣው። ጋራዥ ወሰድኳት፣ «የነዳጅ ፖምፓው ደክሟል» ተባልኩና ቀየርኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ዳገት ላይ ጠፋች። አዲሱም ፖምፓ ይጮህ ጀመር፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሦስተኛ ገዛሁ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ለሦስቱ ፖምፓ ያወጣሁት ገንዘብ በኋላ ሰርጅ ታንኩን፣ ማለትም ትንሿን መጠባበቂያ የነዳጅ ታንክ፣ ሙሉ ለሙሉ ለመስራት ካወጣሁት ይበልጣል። የኢንጀክሽን ፖምፓ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውስጡ በሚያልፈው ቤንዚን ነው። አየር ከሳበ ይግላል፣ ከጋለ ያልቃል። ፖምፓዎቹ የሞቱት ሌላ ነገር ስለገደላቸው ነበር።

ሦስተኛውን ከመግደሌ በፊት ለመለካት ወሰንኩ። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ገዝቼ በረጅም ቱቦ ሞተሩ ላይ አገናኘሁትና መለኪያውን ከኮፈኑ አውጥቼ በመስታወት መጥረጊያው ሥር አሰርኩት። ከመስታወቱ ውጭ ነው ያሰርኩት፣ ምክንያቱም ቤንዚን የያዘ ቱቦ ሰው ወደሚቀመጥበት አይገባም። ወንድሜ እየነዳ እኔ መርፌውን እያየሁ እንጦጦ ወጣን። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ መርፌው 3 ባር አካባቢ ነው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ከ1 በታች ወደቀ፣ መኪናዋም አሳለች። «አየኸው?» አለኝ ወንድሜ። አየሁት።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ካርቡራተር በውስጡ የራሱ ትንሽ የቤንዚን ጎድጓዳ አለው፣ ተንሳፋፊ ያለበት። ሰልባትዮው ውስጥ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ መሳቢያው ለሁለት ሦስት ሰከንድ አየር ቢስብ እንኳ ሞተሩ ከዚያች ጎድጓዳ እየጠጣ ያልፋል። ለዚህ ነው የዲኤክስ ሰልባትዮ ለአባቴ ጊዜ ሞተር ምንም ያልጎደለው። ኢንጀክተር ግን መጠባበቂያ የለውም። ግፊቱ በወደቀበት ቅጽበት ሞተሩ ይራባል። እኔ ካርቡራተሩን አውጥቼ ስጥል ያቺን መጠባበቂያም አብሬ ጥያት ነበር። ሰርጅ ታንክ ማለት እሷን መመለስ ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆና የምትቆይ ትንሽ ታንክ ከሰልባትዮውና ከትልቁ፣ ከኢንጀክሽኑ ፖምፓ መሀል ማስቀመጥ። አንድ ትንሽ ፖምፓ ከሰልባትዮው እየሳበ ይሞላታል፣ ትልቁ ከእሷ ስቦ ወደ ሞተሩ ይገፋል።

መጀመሪያ የፈለግኩት ሰልባትዮውን ከፍቼ ውስጡ የላሜራ ግድግዳ ማስበየድ ነበር። ለብዙ ዓመት አባቴን ያገለገሉ አንድ መካኒክ ጋር ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይሄን አጥበን ብንበይደውስ?» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት ቤንዚን የጠጣ ብረት ታጥቦ አይነጻም፣ እሳት አታስጠጋበት» አሉኝ። ልክ ናቸው። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው እንፋሎት ነው።

ብዙ ሰው ሰርጅ ታንክን ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገጥመዋል። ስራው ቀላል ነው፣ ድንጋይም አያገኘው። ግን እናቴና የእህቴ ልጅ የሚቀመጡበት ወንበር ጀርባ፣ የቤንዚን እንፋሎት ሊያፈስ የሚችል ነገር ማስቀመጥ አልፈለግኩም። ከሥር ቢሆን ቢያፈስም ወደ ውጭ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ከሰልባትዮው ዝቅ ስለሚል ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ እሱ ይወርዳል፣ ትንሹ ፖምፓ አይደክምም።

ከሥር የት? የጭስ ማውጫው ከሚያልፍበት በተቃራኒ ጎን፣ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከዲፍሬንሻሉ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አገኘሁ። ነገር ግን መኪና ቆማ የሚታየው ክፍተትና ሰው ሞልታ ጉድጓድ ስትገባ ያለው ክፍተት አንድ አይደለም። ይሄን ለማወቅ ጠጠር ያለ ሊጥ በፌስታል ጠቅልዬ ታንኩ ሊቀመጥ ባሰብኩበት ቦታ ላይ በሽቦ አሰርኩት። አምስት ሰው ሆነን በሰፈራችን የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። መኪናዋን አቁሜ ስገባ ሊጡ ከኋላ በኩል ተደፍጥጦ የአክስሉ ቅርጽ ወጥቶበታል፣ ሁለት ጣት ያህል ገብቷል። ታንኩን አራት ሳንቲም ወደ ፊት አመጣሁት። ያንን ባላደርግ ኖሮ በመጀመሪያው ጉዞ አክስሉ ይመታው ነበር።

ታንኩን አዲስ አይዝጌ ብረት ገዝቼ አስበየድኩ። ስፋቱ 12 ሳንቲም፣ ቁመቱ 14 ሳንቲም፣ የሚይዘው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። አራት አፍ አለው። አንዱ ከትንሹ ፖምፓ የሚመጣው መግቢያ፣ ሁለተኛው ከሞተሩ የሚመለሰው ነዳጅ፣ ሦስተኛው ከታች ወደ ትልቁ ፖምፓ የሚወጣው፣ አራተኛው ከክዳኑ ላይ የተረፈውንና አየሩን ወደ ሰልባትዮው የሚመልሰው። ከበያጁ እንዳመጣሁት ሦስቱን አፍ ደፍኜ በአራተኛው በብስክሌት መንፊያ አየር ሞላሁት፣ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አንድ ብየዳ ላይ እንደ ሽንብራ ፍሬ ያለች አረፋ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ሌላ ትከተላለች። በዓይን ምንም ቀዳዳ አይታይም። መልሼ ወሰድኩት።

ከሞተር የሚመለሰው ነዳጅ ወደ ሰርጅ ታንኩ መግባቱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ሰልባትዮው ይልከዋል። ትልቁ ፖምፓ በሰዓት 100 ሊትር ይገፋል እንበል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሰራ የሚጠቀመው በሰዓት አንድ ሊትር አካባቢ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ይመለሳል። የሚመለሰው ወደ ሰልባትዮው ከሆነ፣ መሳቢያው አየር መሳብ ሲጀምር ያ አንድ ሊትር ተኩል አንድ ደቂቃ እንኳን አይቆይም። ወደ ሰርጅ ታንኩ ከተመለሰ ግን የሚጎድለው ሞተሩ ያቃጠለው ብቻ ነው። ዳገት ላይ አጥብቃችሁ ረግጣችሁ በሰዓት 20 ሊትር ቢበላ እንኳ ከአራት ደቂቃ በላይ ያስኬዳችኋል። እንጦጦ ላይ አራት ደቂቃ የሚፈጅ መታጠፊያ የለም።

የመግጠሙ ቀን ቅዳሜ ነበር። ባትሪውን ፈታሁ፣ ነዳጁን በጀሪካን ቀዳሁ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ በአራት ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳረፍኳት። እሳት ማጥፊያውን ከጎኔ አስቀመጥኩ። ልክ ቱቦውን ስፈታ የቡና ሽታ መጣልኝ። ጎረቤታችን እዚያው ግቢ ውስጥ ከሰል አያይዘው ቡና ሊቆሉ ነው። ከመኪናው ሥር ወጥቼ ሮጥኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ ቡናውን ከውስጥ ያፍሉልኝ፣ ቤንዚን ፈትቻለሁ» አልኳቸው። «ውይ በሞትኩት! ይሄው አነሳሁት» ብለው ከነማንደጃው ይዘውት ገቡ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሩቅ ይሄዳል። ግቢ የምትጋሩ ሰዎች ስራ ሳትጀምሩ ለሁሉም ተናገሩ፣ እኔ መናገር የነበረብኝ ጠዋት ነው።

ገጥሜ ስጨርስ ወዲያው ነው የተነሳችው። ግን መለኪያው 3.6 ባር ያሳያል። ለሁለት ቀን ችላ አልኩት። ካንዴላዎቹን ስፈታ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል። ጥፋቱ የኔ ነበር። የሚተርፈውን ነዳጅ ለመመለስ የተጠቀምኩት የድሮውን ቀጭን ቧንቧ ነው፣ ውስጡም በዝገት ጠቧል። ትንሹ ፖምፓ ያለማቋረጥ ይሞላል፣ መውጫው ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ሰርጅ ታንኩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ከሞተሩ የሚመለሰውን ያግደዋል። 10 ሚሊ ሜትር ቱቦ ገዝቼ ወደ ነዳጅ መሙያው አንገት በቀጥታ ስወስደው መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለሚገባው ነዳጅ ነው። እኔ አሁን ማንም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የሚወጣውስ በምን ይወጣል?» ብዬ ነው።

ቱቦ ላይም ተሸውጃለሁ። ሱማሌ ተራ «የኢንጀክሽን ነው» ተብዬ የገዛሁት ጥቁር ጎማ በሦስተኛው ሳምንት ላቡን አወጣ። በጣቴ ስዳስሰው ይረጥባል፣ ጠዋት ጠዋት ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ከትልቁ ፖምፓ በኋላ ያለው ቱቦ ላይ ኤስ ኤ ኢ ጄ 30 አር 9 የሚል ጽሑፍ ካልታተመበት አትግዙ። አር 7 የሚለው ለካርቡራተር ዘመን ግፊት ነው። ቱቦውን የሚያስረው ፋሸታም ጥርሱ ጎማውን የሚቆርጠው ዓይነት ሳይሆን ዙሪያውን እኩል የሚያጠብቀው ይሁን።

ሽቦውን ደግሞ መጀመሪያ ላይ በቀጥታ ከቁልፉ ነበር የወሰድኩት። ጋሼ መጥተው አዩት። «ተጋጭተህ ራስህን ብትስት፣ ፖምፓውን ማን ያጠፋልሃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቱቦ ተበጥሶ ቁልፉ ክፍት ከሆነ ሁለቱ ፖምፓዎች ያለማቋረጥ ይረጫሉ። በዚያው ሳምንት በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) አድርጌ ሞተሩ ሲቆም ኮምፒውተሩ ሁለቱንም እንዲቆርጣቸው አደረግኩ። በላዩ ላይ በግጭት ጊዜ የፖምፓዎቹን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ማብሪያ ከተፈታ መኪና አግኝቼ ጨመርኩበት። እያንዳንዱ ፖምፓ የራሱ ፊውዝ አለው። ይሄን ክፍል ከማንኛውም በፊት ስሩት።

ታንኩ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው በጎሚኒ (በጎማ ማረፊያ) ነው፣ ካለዚያ የፖምፓው ድምፅ ወንበር ውስጥ ይገባል። ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ መከላከያ አለው። የመጀመሪያው መከላከያ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ክረምቱ ሲገባ ጭቃ ሞልቶ ደርቆ እንደ ጡብ ሆኖ አገኘሁት። አሁን ስድስት ቀዳዳ አለው፣ ሲታጠብ ውሃው ጭቃውን ይዞ ይወጣል።

ሙቀት ላይ የሚፈትነኝ መንገድ የጅማው ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል፤ ቤንዚንም እንደዚሁ ከፍታ ላይ ቶሎ ወደ እንፋሎት ይቀየራል። የሰርጅ ታንክ አንዱ ድክመት ደግሞ ያው ነዳጅ ሞተሩ ጋር እየደረሰ ተመላልሶ መሞቁ ነው። ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ በረሃ ስንወርድ የሰልባትዮው መርፌ ሩብ ላይ ነበር፤ ሆን ብዬ አልሞላሁም። ድልድዩን ተሻግረን ጥላ ፈልገን ቆምን። ታንኩን በእጄ ነካሁት፣ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ትንሹ ፖምፓ ቀዝቃዛ ነዳጅ እያስገባ የሞቀውን በላይ በኩል ስለሚያስወጣው ነው። ከዚያ የአበልቲን ዳገት ጀመርን፣ መታጠፊያው አንዱ ካንዱ ይከተላል። ወንድሜ ዓይኑን ከመለኪያው አልነቀለም። መርፌው ካለበት አልተነቃነቀም።

ስንመለስ የመጀመሪያውን የነዳጅ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ፈትቼ ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። ግማሽ ማንኪያ የሚሆን ቡናማ ዝገት ወጣ፣ የአባቴ ሰልባትዮ ውስጡ እየተፈረፈረ ነው። አሁን ፊልትሮውን በየወሩ እያየሁ ነው፤ ከተፈታ ዲኤክስ ላይ ንጹህ ሰልባትዮ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።