የሚውጡት አረጋውያን፣ የሚሞከርባቸው ሌሎች

እ.ኤ.አ. በ1999 ራልስ የተባለው ጥናት ስፓይሮኖላክቶን የተሰኘው ርካሽ መድኃኒት ከባድ የልብ ድካም ያለባቸውን ሕሙማን ሞት በ30 በመቶ እንደሚቀንስ ሲያሳይ፣ ሐኪሞች በደስታ ተቀበሉት። ሆኖም የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 65 ዓመት ሲሆን፣ ኩላሊታቸው ክፉኛ የደከመና በደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ከፍ ያለ ሕሙማን ገና ከጅምሩ እንዳይገቡ ተደርገው ነበር። በካናዳ ኦንታሪዮ ይኸው መድኃኒት ለአረጋውያን የልብ ሕሙማን በስፋት መታዘዝ ሲጀምር፣ በፖታሲየም መብዛት ሆስፒታል የሚተኙት እ.ኤ.አ. በ1994 ከ1,000 ሕሙማን 2.4 የነበሩት በ2001 ወደ 11 አሻቀቡ። መድኃኒቱ ዛሬም ይታዘዛል፣ ይጠቅማልም፤ ችግሩ የተሞከረባቸውና የታዘዘላቸው ሰዎች አለመመሳሰላቸው፣ የደም ምርመራ ክትትሉም እንደ ጥናቱ ጥብቅ አለመሆኑ ነው።

አረጋውያንን ከመድኃኒት ሙከራ ማግለሉ ሁልጊዜ በዕድሜ ገደብ አይመጣም። አንዲት የሰባ አምስት ዓመት እናት ክሊኒክ ሲመጡ የግፊት፣ የስኳርና የሪህ መድኃኒታቸውን፣ ጎረቤት ያካፈለቻቸውን ማስታገሻ ጭምር በአንድ ፌስታል ቋጥረው ያቀርባሉ። «ተጓዳኝ በሽታ የሌለበት፣ ሌላ መድኃኒት የማይወስድ» የሚለው መስፈርት ዕድሜያቸውን ሳይጠይቅ ያስወጣቸዋል። እኔን የሚያስገርመኝ፣ ውጤቱ ሲታወቅ መድኃኒቱ መጀመሪያ የሚታዘዘው ለእኒሁ እናት መሆኑ ነው።

ከተፈለገ ግን አረጋውያንን ማሳተፍ ይቻላል። ሃይቬት የተባለው ጥናት ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎችን አሳትፎ፣ የደም ግፊትን ማከም በዚያ ዕድሜም ሞትን በ21 በመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳውቋል። እሱም ቢሆን የመርሳት በሽታ ያለባቸውንና የነርስ እንክብካቤ የሚያሻቸውን አላካተተም፤ ስለዚህ መልሱ በአንጻራዊነት ጠንካራ ለሆኑት አረጋውያን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ደም ግፊት፣ ስኳርና መሰል ሕመሞች መንስኤዎች የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ያካተተው ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ነው። ሰባን የተሻገረ ሰው በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም፤ የሕክምና ዕቅድ ሲወጣ ግን ያው ቁጥር ይጠቀሳል።

በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገንዘባቸው የሚካሄድ በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት አንድን የዕድሜ ክልል ሲያስቀር ሳይንሳዊ ወይም ሥነ ምግባራዊ ምክንያት እንዲያቀርብ ይጠይቃሉ። የእኛ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም ይህን ጥያቄ በማመልከቻ ቅጻቸው ላይ ቢጨምሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወጪ የሚጠይቀው ሌላው ነው፤ የታክሲና የአስታማሚ አበል፣ የስምምነት ቅጹን ጮክ ብሎና ረጋ ብሎ የሚያነብላቸው ሠራተኛ፣ መምጣት ላልቻሉት ደግሞ ቤት ድረስ ሄዶ ግፊት የሚለካ ነርስ። ይህ በጀት ጥናቱ ሲነደፍ ካልተያዘ፣ የዕድሜ ገደቡን ከወረቀት ላይ መሰረዝ ብቻውን አንድም አረጋዊ አያስገባም።