ኮንሶሉ (የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው) ላይ ተቀምጦ የኒውክሌር ሪአክተር መማር፦ እስካሁን የገባኝ

«እዚያ ሪአክተር ጋ ምን እየሠራህ ነው?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ የፊዚክስና የኢንጂነሪንግ ጓደኞቼ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ቦታው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ እንጀራ ከምንገዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ማሠልጠኛ ሪአክተሩ ሥራ የጀመረው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1974 ትሪጋ ወደሚባለው ዓይነት ተቀይሯል። ከፍተኛ ኃይሉ 250 ኪሎዋት ሙቀት ነው። መብራት አያመነጭም። 3,000 ሜጋዋት ሙቀት ከሚሰጥ የኃይል ማመንጫ ሪአክተር 12,000 ጊዜ ያንሳል፤ ተማሪ ኮንሶሉ ላይ ቁጭ ብሎ በእጁ የሚለማመደውም ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያስገረመኝ የመቆጣጠሪያ ዘንጉ፣ ማለትም ኒውትሮን እየዋጠ ሂደቱን የሚገታው ዘንግ፣ ጠባይ ነው። ብዙዎቻችን ዘንጉን እንደ መኪና ቤንዚን መስጫ እናስበዋለን፦ ከፍ ሲል ኃይል ይጨምራል፣ ባለበት ሲቆም ኃይሉም ይቆማል። እንደዚያ አይደለም። ሪአክተሩ 10 ዋት ላይ ረግቶ ሳለ ዘንጉን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ብትተዉት ኃይሉ መውጣቱን አያቆምም። 100 ዋት ላይ ለማርጋት ዘንጉን ወደነበረበት መመለስ አለባችሁ። ማለትም በ10 ዋትም በ100 ዋትም የዘንጉ ቦታ ያው ነው! ወደ መቶዎቹ ኪሎዋት ስንወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የትሪጋ ነዳጅ ዩራኒየምን ከዚርኮኒየም ሃይድራይድ ጋር የያዘ ስለሆነ፣ ነዳጁ ሲሞቅ ሰንሰለታዊ ሂደቱ (ኒውትሮን አቶም ሰንጥቆ ሌሎች ኒውትሮኖች የሚወጡበት) ወዲያው ይዳከማል፤ ኃይሉን እዚያው ለመያዝ ዘንጉን ተጨማሪ መሳብ ግድ ይላል። ይህ ጠባይ ከየትኛውም አውቶማቲክ መሣሪያ ቀድሞ የሚደርስ መከላከያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘግይተው የሚወለዱት ኒውትሮኖች ናቸው፤ አቶሙ ሲሰነጠቅ ወዲያው ሳይሆን፣ ከስንጥቅጣቂዎቹ ቆየት ብለው የሚወጡት ማለት ነው። ከጠቅላላው አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ያለነሱ ግን ሰው ሪአክተር መቆጣጠር ባልቻለ ነበር። ለምሳሌ ሪአክቲቪቲው (ሰንሰለታዊ ሂደቱ ራሱን ከሚያስቀጥልበት ልክ ያለው ልዩነት) በ0.1 በመቶ ከፍ ቢል፣ ወዲያው በሚወለዱት ብቻ ቢሆን ኃይሉ በሰከንድ ውስጥ ቢሊዮን እጥፍ ይሄድ ነበር፤ በዘገዩት ምክንያት ግን 2.7 እጥፍ ለመሆን ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የፒሪየድ (ኃይሉ 2.7 እጥፍ ለመሆን የሚፈጅበት ጊዜ) መለኪያው 30 ሰከንድ ሲያሳይ ኃይሉ በ21 ሰከንድ እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ሒሳብ በቃል መያዝ ይጠቅማል፣ ዓይን መለኪያው ላይ ሳለ ካልኩሌተር የሚያነሳ የለም።

ስክራም ሲደረግ፣ ማለትም ዘንጎቹ ተለቀው ሲወድቁ፣ ኃይሉ መጀመሪያ ዘጭ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የቱንም ያህል ብትቸኩሉ አይፈጥንም። በየ80 ሰከንዱ ወደ ሲሶ ገደማ እየወረደ ይቀጥላል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው በጣም የሚዘገየው የኒውትሮን ቡድን ነው፤ እነዚህን ኒውትሮኖች የሚለቁት አቶሞች ግማሽ ዕድሜ (ግማሾቹ የሚያልቁበት ጊዜ) 55 ሰከንድ ያህል ነው። ቀመሩን ክፍል ውስጥ አውጥቼዋለሁ፤ ሎጋሪዝማዊ ግራፉ ላይ ያቺ ቀጥ ያለች መስመር ስትወርድ ማየት ግን ሌላ ነው።

የምርምሩን ጎን ገና እየጀማመርኩ ነው። ናሙና በኒውትሮን ይመታል፣ ከዚያ የሚለቀው ጋማ ጨረር ይለካል። ለጀማሪ ሻይ ቅጠል እመክራለሁ፦ ማንጋኒዝ ስለሚበዛበት 847 ኪሎኤሌክትሮንቮልት (የጋማ ጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ያለው ምልክት ጎልቶ ይወጣል፤ በኒውትሮን የተመታው ማንጋኒዝ ግማሽ ዕድሜ 2.6 ሰዓት ስለሆነ ከሰዓት በኋላውን ሲቀንስ መከታተል ይቻላል።

ቀጥሎ ያለው የኦፕሬተር ፈቃድ ፈተና ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ነው፤ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። ቲዎሪው አያሳስበኝም። የሚከብደው የአሠራር ደንቦቹና የጨረር መከላከያው ክፍል ነው፤ እሱ ላይ የጥናት ማስታወሻ ያለው ሰው ካለ እንቀያየር።