ችክችካውን ከእግሬ ማውጣት

ዋሽንግተን አካባቢ በሠርግ ባንድ ውስጥ ድራም እመታለሁ። የሠርግ ጭፈራ ምቱ ችክችካ ተኝቼም አይስተኝ። አንድ ሳክስፎን የሚነፋ ጓደኛዬ «ፍሪ ጃዝ እንሞክር» ሲለኝ፣ ያ ቋሚ ምት የሌለው ጃዝ ማለት ነው፣ ታዲያ ቀላል መሰለኝ። የማይቆጠር ነገር ምን ይከብዳል?

ቤዝመንቱ ገባን። አሥር ደቂቃ ያህል እንደተጫወትን ሳክስፎኑን ከአፉ አወጣና «ማን ነው የሚያባርርህ?» አለኝ። እጆቼ እንዳሻቸው ሲሯሯጡ ቀኝ እግሬ ለካ ያንኑ ችክችካ እየረገጠ ነበር። እኔ አልሰማሁትም።

ከዚያ በኋላ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬንና ድራመሩ ራሺድ አሊ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1967 ሁለቱ ብቻ ሆነው የቀዱትን ሙዚቃ ኡበር ስነዳ መስማት ጀመርኩ። ተሳፋሪ ሲገባ አጠፋዋለሁ፤ ካልሆነ ተሳፋሪው የሚሰጠኝን ኮከብ የት አገኛለሁ? ቤዝ የለ፣ ፒያኖ የለ። መጀመሪያ ድስት ከመደርደሪያ ሲወድቅ ነው የመሰለኝ። እየቆየ ግን ጆሮዬ ያዘው። ኮልትሬን ደወል ያንሿሿል፤ ከዚያ ሳክስፎኑን ያነሳል። አሊ ሥር ሥሩ እየሄደ ሲምባሉንና ቶሞቹን፣ ማለት ትንንሾቹን ከበሮዎች፣ እንደ ማዕበል ያነሳቸዋል። አንድ፣ ሁለት ብለህ የምትይዘው ነገር የለም፤ ግን የትም አይጠፋም።

ደወልና ከበሮ! ማኅሌት ቆሜ ያደግኩ ሰው ይህንን ለማወቅ አሜሪካ መምጣት ነበረብኝ? ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ዜማው በመቋሚያ ከሚታጀበው ዝማሜ ከበሮ ወደሚመታበት መረግድ፣ ከዚያ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ይሄዳል። ከበሮ መቺው የሚያየው የሊቃውንቱን ትከሻ እንጂ ሰዓት አይደለም።

ከዚያ ሚልፎርድ ግሬቭስ መጣ። የኒውዮርክ ኩዊንስ ድራመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ስኔሩን፣ ያን የሚንጫጫውን ከበሮ፣ ትቶ፣ የቶሞቹን የታች ቆዳ አውልቆ ይመታ ነበር። ለዓመታት የሰው ልብ ምት እየቀዳ አጥንቷል፤ ልብ እንደ ሜትሮኖም፣ እንደ ምት መቁጠሪያው፣ እኩል እኩል አትመታም ይል ነበር። እኔም አንገቴ ላይ ሁለት ጣት አድርጌ ሞከርኩት። አየር ስስብ ምቱ ይፈጥናል፣ ሳወጣ ይዘገያል። በአንድ እጄ እሱን እየተከተልኩ ሲምባል መምታት ተለማመድኩ። ሚስቴ የልብ ሕመም የያዘኝ መስሏት ደንግጣ ነበር።

እግሬ ግን ምክር አልሰማም አለ። በመጨረሻ የባስ ድራሙን ፔዳል ነቅዬ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለት ወር ያለ እሱ ተጫወትኩ። ቀድሞ ባደርገው ኖሮ ብዙ ላብ ይተርፈኝ ነበር።

ገንዘቡን አታንሱት። የመጀመሪያው ዝግጅታችን ላይ ሰባት ሰው መጣ፤ ሁለቱ ከእኛ ቀጥሎ የሚጫወቱ ናቸው። ድርሻዬ 11 ዶላር፣ ፓርኪንጉ 20። እሱ ራሺድ አሊ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ግሪን ስትሪት ላይ የራሱን የጃዝ ቤት ከፍቶ ነው የተጫወተው። ግሬቭስ ደግሞ ቤኒንግተን ኮሌጅ 39 ዓመት አስተምሯል። እኔ ሠርጉን አልተውኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ እስክስታው በጋለበት ሰዓት እጄ ሳላስበው ወደ ሲምባሉ ሸሸ። አራት ሴቶች ትከሻቸውን አየር ላይ አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። ዘፋኙ ማይኩን በእጁ ሸፍኖ «ምን ሆነሃል አንተ?» አለኝ። እግሬን ወደ ፔዳሉ መለስኩት።