የክንፍ ገጽና የአየር ተቃውሞ፦ በድሬዳዋ በትንንሽ ተንሸራታች አውሮፕላኖች ላይ ያደረግሁት ሙከራ

የክንፍ ገጽ በለሰለሰ ቁጥር የአየር ተቃውሞው ይቀንሳል የሚለው እምነት ሰው ለሚጫንባቸው አውሮፕላኖች በአብዛኛው እውነት ነው። በእጅ ወይም በላስቲክ ተወርውረው ለሚንሸራተቱ ትንንሽ ሞዴሎች ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ይህን ድሬዳዋ ውስጥ በራሴ ክንፎች ላይ ስላረጋገጥሁ፣ ሞዴል የሚሠሩ ወጣቶች ጉልበታቸውን በማይጠቅም ልስላሴ ላይ እንዳያባክኑ አሠራሬን በዝርዝር ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

ክንፎቹን የሠራሁት ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ከሚወጣ የማሸጊያ ፎም ሲሆን፣ በጋለ ሽቦ ቆርጬ ሁሉንም 1 ሜትር ርዝመትና 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖራቸው አደረግሁ። አንደኛው የፎሙ ፍሬዎች እንደሚዳሰሱ ቀረ። ሌላው በስቱኮ ተሞልቶ፣ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ተፈግፍጎ፣ የመኪና ቀለም ተነፋበት። ሦስተኛውም እንደዚሁ ከለሰለሰ በኋላ በላዩ ላይ ከፊት ጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለጠፈበት። ስቱኮና ቀለም ክብደት ስለሚጨምሩ ፎሙ ባዶውን በቀረው ክንፍ ላይ ማካካሻ ክብደት ጨመርሁ፤ አለዚያ የምናወዳድረው የገጽን ልዩነት ሳይሆን የክብደትን ይሆናል።

ቀለሙን የነፋው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። «ወንድሜ፣ መስታወት ካላስመሰልሁት ከእጄ አይወጣም» አለኝ፤ እንዳለውም አደረገው። ክሩን ስለጥፍበት ግን ቅር መሰኘቱ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ውርወራውን ያደረግነው ጎህ ሲቀድ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ መስኮቶቹ በተዘጉ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። ላስቲኩ ሁልጊዜ እስከ አንድ ምልክት ድረስ ብቻ ይሳባል፤ አውሮፕላኑም ከአንድ ከፍታ ይለቀቃል። በቬንትሌተር ፊት መፈተን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከቬንትሌተር የሚወጣ አየር አስቀድሞ የታመሰ በመሆኑ ለስላሳውንም ሻካራውንም ክንፍ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ፈጽሞ አልመክረውም።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። በዝግታ ሲንሸራተቱ ክር ያለው ክንፍ ከሁሉም ርቆ ሄደ፤ ምንም ያልተቀባው ሻካራ ፎም ሁለተኛ ወጣ፤ መስታወት የሚመስለው ክንፍ ግን ቶሎ ቶሎ ከፍታ እያጣ ቀድሟቸው መሬት ነካ። አፍንጫውን ከበድ አድርጌ ፍጥነቱን ስጨምር ለስላሳው ልዩነቱን እያጠበበ መጣ።

ምክንያቱ ክንፉን ተጠግቶ በሚያልፈው ስስ የአየር ንጣፍ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል ይህን ንጣፍ በ1904 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ፤ በ1914 ደግሞ በኳስ ላይ ቀጭን የሽቦ ቀለበት በማሰር የኳሱን የአየር ተቃውሞ መቀነስ እንደሚቻል አሳየ። ንጣፉ ሳይታወክ በሥርዓት ሲፈስ የገጹ ሰበቃ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ጉልበቱ ደካማ ስለሆነ ከክንፉ ወፍራም ክፍል በኋላ ግፊቱ መጨመር ሲጀምር ከገጹ ይላቀቃል፣ ከኋላውም ሰፊ የታመሰ አየር ይጎትታል። የታወከ ንጣፍ ሰበቃው ይበዛል፤ ሆኖም ከላይ ያለውን ፈጣን አየር ወደ ገጹ ስለሚያወርድ ሳይላቀቅ እስከ ኋለኛው ጠርዝ ይዘልቃል። ክሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ሰበቃ ከፍሎ ትልቁን ጉተታ ያስቀራል።

ይህን በዓይን ለማየት የለስላሳውን ክንፍ ላይኛ ገጽ ላምባ ፎሙን እንዳይበላው በሰፊ ፕላስተር ሸፍኜ፣ ጥላሸት በላምባ በጥብጬ ቀባሁትና ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ከፒክአፕ ጣሪያ ከፍ አድርገን አስረን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳን። ስንቆም ከፊት ጠርዙ እስከ ክንፉ አጋማሽ ድረስ ጥላሸቱ ቀጫጭን መስመር ሠርቶ ወደ ኋላ ተስቧል፤ ከዚያ ግን ድንገት ቆሞ፣ ወፍራም ጥቁር ሰንበር ሆኖ ተጠራቅሟል፤ ከሰንበሩ ኋላ ያለው ቅብ እንደተቀባ ነው፣ አልተነካም። አየሩ የተላቀቀው እዚያ ላይ ነው። ክሩን ለጥፈን ስንደግመው ሰንበሩ ጠፍቶ መስመሮቹ እስከ ጫፍ ደረሱ። ጎረቤቴ ይህን አይቶ ነው በክሩ ፈንታ በወረቀት ፕላስተር መካከል ስስ የስቱኮ ጠርዝ ማውጣት እንደሚቻል ያሳየኝ፤ አሁን የምጠቀመው እርሱን ነው፤ አይላቀቅም።

የክሩ ቦታ ከውፍረቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ከሚላቀቅበት መስመር ኋላ ከተለጠፈ ምንም አይፈይድም፤ በጣም ወደ ፊት ከተጠጋ ደግሞ ያለአግባብ ሰበቃ ይጨምራል።

መቼ ክር፣ መቼ ልስላሴ እንደሚያስፈልግ የሚነግረን የሬይኖልድስ ቁጥር ነው፤ ፍጥነትን በክንፍ ስፋትና በአየር እፍግታ አባዝቶ ለአየሩ ዝልግልግነት (ለመፍሰስ ለሚያሳየው እምቢታ) ማካፈል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና ሙቀቷም ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በቀትር አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በባሕር ጠለል መደበኛው 1.225 ነው። የእኔ ክንፍ በሴኮንድ 7 ሜትር ሲሄድ ቁጥሩ 45 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ለስላሳ ክንፍ የሚቸገርበት ክልል ነው። ሐረር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብትልም አየሯ ቀዝቃዛ በመሆኑ እፍግታው ከድሬዳዋ ቀትር ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ አንዱ ክንፍ ለሁለቱም ከተማ ይሆናል።

ከዚህ ተነሥቶ ሻካራነት ለሁሉም ይጠቅማል ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚበር ትንሽ አውሮፕላን ግንባር ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር የምታህል የአቧራ ቅንጣት ወይም የነፍሳት ቅሪት ንጣፉን ለማወክ ትበቃለች፤ በእኔ ሞዴል ፍጥነት ግን ለዚሁ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነጠላ ቅንጣት ያስፈልጋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ክር ግን ከዚያ ቢቀጥንም ይበቃል። ሰው በሚጫንባቸው አውሮፕላኖች የክንፍ ግንባርና ላይኛ ገጽ ላይ እንደ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ያለ ውርጭ የማንሣት ኃይልን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየር ተቃውሞን እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን የነበረው የፒ-51 ሙስታንግ የክንፉ ፊተኛ ክፍል በስቱኮ መሰል መሙያ ተደፍኖ የተፈገፈገው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሞተር ያለው፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ይዞ በሴኮንድ 20 ሜትር የሚበር ሞዴል የሚሠራ ሰው ቁጥሩ ከ250 ሺህ ስለሚያልፍ ክሩን ትቶ፣ ክንፉን መስታወት ማስመሰል የሚለውን የጎረቤቴን የመጀመሪያ ሐሳብ ይከተል፤ ልፋቱን ግን በክንፉ ፊተኛ አንድ ሦስተኛ ላይ ያውል፣ ከዚያ ኋላ ያለውን በመስታወት ደረጃ ማለስለስ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።