አምስት ሴኮንድ ተጭኖ፣ እስኪቀላ መቁጠር

ካፒላሪ ሪፊል (ተጭኖ የነጣ ጣት ቀለሙ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ) ሁሉም ይለካል፤ ሰዓት እያየ የሚለካው ግን ጥቂት ነው። ቻርት ላይ «ከ2 ሴኮንድ በታች» የሚለው ከአልጋ አልጋ ሲገለበጥ ሳይ፣ ጣቱን የነካ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የሚያናድደኝም የልጅ የደም ግፊት ዘግይቶ ስለሚናገር ነው። ደም ሲያጥር የልጁ ልብ ይፈጥናል፣ የእጅና የእግር ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ያለው ደም ለአንጎልና ለልብ ይቆጠባል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ግፊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ጣቱ ቀዝቅዟል። ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ረፍዶበታል።

አለካኩ ይሄው ነው፦ የእጅ አውራ ጣት ወይም የእግር ትልቁን ጣት ጥፍር እስኪነጣ 5 ሴኮንድ መጫን፣ ከለቀቁበት ቅጽበት ጀምሮ መቁጠር። ለጨቅላ የደረቱ አጥንት መሃል ይሻላል። ቀለሙ መጀመሪያ ከዳር እንደ ፈዛዛ ሮዝ ብቅ ይላል፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። መሃሉ ጭምር ሲቀላ ነው የሚያበቃው። እስከ 2 ሴኮንድ ጤናማ ነው፤ ከ3 ካለፈ ያሳስባል። በአፍ ሲቆጠር አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ይጎትታል፤ የግድግዳ ሰዓት እያለ ለምን?

ቁጥሩን የሚያበላሹት ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። ዋናው ብርድ ነው። በደብረ ብርሃን ንጋት ከብርድ ልብስ ውጭ ያደረ እጅ፣ ልጁ ጤነኛ ቢሆንም ይዘገያል፤ አሙቆ ወይም ደረት ላይ ደግሞ ማየት ነው። ሂና የተቀባ ጥፍር አያሳይም። ቆዳው ጠቆር ላለ ልጅ ጥፍር ካልተመቸ የእግር መዳፍ አለ። መብራት ሲጠፋ ደብዛዛ ብርሃን ላይ አይገመትም፣ የስልክ ባትሪ ይበራል። የግፊት መለኪያው የታሰረበት ወይም ለመርፌ ተጠፍሮ የታሸገ እጅ አይነካም። ደግሞ በጣም መፍጠኑም ሁልጊዜ መልካም አይደለም፦ ትኩስ እጅ፣ የሚዘል የልብ ምት፣ ወዲያው የሚመለስ ቀለም ከትኩሳት ጋር ከመጡ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) አስብ።

ይህ ምልክት ብቻውን ሾክ (ደም ለሰውነት በበቂ የማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ) አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው፦ የቀዘቀዘ እጅ፣ ከ3 ሴኮንድ በላይ የዘገየ ቀለም፣ ፈጣንና ደካማ የልብ ምት። ሦስቱ ካሉ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ፈሳሹ በፍጥነት አይለቀቅም። ክፉኛ የተጎዳ፣ የከሳ ልጅ ደግሞ ሌላ መመሪያ አለው። ፈሳሽ በፍጥነት የመልቀቅ ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትኩሳትና የደም ዝውውር ችግር በነበረባቸው 3,141 ልጆች ላይ የተደረገው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ፈሳሹ በፍጥነት ከተለቀቀላቸው ልጆች በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10 ተኩል ያህሉ፣ ካልተለቀቀላቸው ግን ከመቶ 7 ያህሉ መሞታቸውን አሳይቷል።

ትልቁን የደም ሥር የሞላ ደም ሁሉ እዳር፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ድረስ አይደርስም። ይህን በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ነው። ምላስ ሥር፣ በጨቅላ ደግሞ የክንድ ቆዳ ላይ ይደረጋል። አረንጓዴ ብርሃኑን ሄሞግሎቢን (ደምን ቀይ የሚያደርገው ነገር) ስለሚውጠው ቀይ የደም ሴሎች ጥቁር ነጥብ ሆነው ሲሮጡ ይታያሉ። ፍሰቱ ከ0 (የቆመ) እስከ 3 (የማያቋርጥ) ነጥብ ይሰጠዋል። በሴፕሲስ አንዱ ሥር ሲፈስ ጎረቤቱ ቆሞ ይገኛል፣ ግፊቱ ተስተካክሎ እንኳ። ግን እጅ ትንሽ ከከበደ ራሱ መሣሪያው ሥሩን ይጫንና የቆመ ያስመስለዋል፤ ምራቅና የልጁ መንቀሳቀስም ምስሉን ያበላሻሉ። ከአንድ ቦታ በላይ መቅረጽ ግድ ነው። አልጋ ዳር ለየቀኑ ሥራ የሚሆን አይመስለኝም።

ጥፍሩ ግን ይሆናል። ከእያንዳንዱ ፈሳሽ በፊትና በኋላ፣ ያንኑ ጣት፣ በዚያው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ቻርቱ ላይም «ደህና» ሳይሆን፦ ቀኝ አውራ ጣት፣ 4 ሴኮንድ፣ እጅ እስከ ክርን ቀዝቃዛ፣ ከሌሊቱ 9፡20።