ድምፅ መስጠት ሳልችል የገባሁበት ምክር ቤት

በምኖርባት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ፣ በገበያው አደባባይ ጥግ፣ መስታወት የተገጠመለት የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ አንድም ቀን ቆሜ አንብቤው አላውቅም ነበር። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ዓይኔ አረፈበትና የከተማው ምክር ቤት የስብሰባ አጀንዳ ሆኖ አገኘሁት፤ ለመናፈሻው ሁለት አግዳሚ ወንበር ስለ መግዛት፣ የመቃብር ስፍራውን አጥር ስለ መጠገን፣ ከዚያም ነዋሪዎች አስተያየት ስለሚሰጡበት ሰዓት ይዘረዝራል።

«ካውንስል» ሲባል አብዛኞቻችን ሐበሾች የሚታወሰን ቤት የሚሰጠው፣ ቆሻሻ የሚያነሣው ትልቁ መሥሪያ ቤት ነው። ይህኛው ግን ከዚያ በታች ያለው፣ ለነዋሪው እጅግ የቀረበው እርከን ነው። በሕግ ስሙ ፓሪሽ ካውንስል ይባላል፤ ፓሪሽ ማለት ደግሞ የእኛው «አጥቢያ» ነው። በእርግጥም ቀድሞ የመንደሩን ጉዳይ የሚወስነው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ጉባኤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው ሕግ ይህን ሥልጣን ለተመረጠ ምክር ቤት አስተላለፈ፤ ያገቡ ሴቶችም ጭምር እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። በ1972 የወጣውና በ1974 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ፣ አንድ የፓሪሽ ምክር ቤት በራሱ ውሳኔ «የከተማ ምክር ቤት» እንዲባል፣ ሰብሳቢውም የከንቲባነት ማዕረግ እንዲይዝ መንገድ ከፈተ። ስለዚህ በበዓል ቀን ሐብል አጥልቆ የምናየው ከንቲባ በየዓመቱ በባልደረቦቹ የሚመረጥ የስብሰባ መሪ እንጂ ብቻውን የሚያዝዝ ባለሥልጣን አይደለም።

ገንዘቡ የሚመጣው ከእኛው ኪስ ነው። ምክር ቤቱ የዓመቱን በጀት አጽድቆ የሚያስፈልገውን መጠን ለበላዩ ምክር ቤት ያሳውቃል፤ ያም በካውንስል ታክስ፣ ማለትም በየቤቱ ለአካባቢው አስተዳደር በሚከፈለው ግብር፣ ደረሰኛችን ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ ይሰበሰባል። እኔ ይህን መስመር ለዓመታት ከፍዬዋለሁ፣ ምን እንደሆነች ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ስብሰባው የተካሄደው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሮጌ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ነበር። ከሕዝቡ ወገን የተገኘነው አራት ሰዎች ነን። ከሁሉ ያስደነቀኝ የጸሐፊዋ ድርሻ ነው። ተመራጮቹ ደመወዝ የሌላቸው ጎረቤቶቻችን ሲሆኑ፣ እርሷ ግን ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሕጉን የምታውቅ ባለሙያ ናት። አንድ ተመራጭ ለአውቶቡስ መጠለያው ቀለም ዛሬውኑ ገንዘብ እንፍቀድ ሲሉ፣ ጉዳዩ በአጀንዳው ላይ ስላልነበረ ሊወሰን እንደማይችል በትሕትና አስረዳቻቸው። አጀንዳው ከስብሰባው ሦስት ሙሉ ቀን አስቀድሞ መለጠፍ አለበት፤ የተለጠፈበትና ስብሰባው የሚውልበት ቀን አይቆጠሩም። በመስታወቱ ውስጥ ያየኋት ወረቀት ይህን ያህል ክብደት እንዳላት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሕዝቡ ያላወቀው ጉዳይ በሕዝቡ ስም አይወሰንም ማለት ነው፤ እኔ ይህን ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

አቅሙ ውስን መሆኑንም መሸፋፈን አይገባም። ከከተማው ዳር ሊሠሩ ስለታቀዱ ቤቶች ተመራጮቹ ለአርባ ደቂቃ ያህል ከልብ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ግን የሚጽፉት አስተያየት ብቻ ነው፣ ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚከለክለውም የበላዩ ምክር ቤት ነው። መንገዱና ትምህርት ቤቱም በእነርሱ እጅ አይደሉም። በዚያ ላይ ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ የሚወዳደር ሰው ሲጠፋ ምክር ቤቱ ራሱ ሰው መርጦ ይተካል፣ ይህም ያሳዝነኛል።

እኔ በዚያን ጊዜ ዜግነት ስላልነበረኝ መምረጥ አልችልም ነበር። ኢትዮጵያ የብሪታንያና የአብዛኞቹ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማኅበር የሆነው የኮመንዌልዝ አባል ስላይደለች፣ ኬንያዊው ጎረቤቴ የእንግሊዝ ዜግነት ሳያገኝ በመራጭነት ሲመዘገብ እኔ መጠበቅ ነበረብኝ። ሆኖም በ1908 የወጣው የእርሻ መሬት ሕግ ለእኔም ቀዳዳ ትቶልኝ ነበር። ስድስት መራጮች ወይም ካውንስል ታክስ የመክፈል ግዴታ ያለባቸው ስድስት ነዋሪዎች፣ አትክልት የሚተክሉበት «አሎትመንት» የሚባለው መሬት ያስፈልገናል ብለው በጽሑፍ ካመለከቱ፣ ምክር ቤቱ ማመልከቻቸውን መመልከት አለበት፤ ፍላጎቱ መኖሩን ካመነም መሬት የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሕጉ «መራጮች ወይም ታክስ ከፋዮች» ይላል። በዚያች «ወይም» ውስጥ እኔም አለሁ።

ደብዳቤውን የፈረምነው ሁለት ኤርትራውያን እኅቶች፣ አንድ ጡረተኛ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት፣ ኬንያዊው ጎረቤቴና እኔ ነን። በቀጣዩ ስብሰባ ጸሐፊዋ የስድስታችንን ስም አንድ በአንድ አነበበች፤ የእኔን ስም ከማንበቧ በፊት ቀና ብላ አነባበቡን ጠየቀችኝና በወረቀቷ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈችው። መሬቱ የተገኘው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። ሙሉው ድርሻ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እኔ ግማሹን ወስጄ የሐበሻ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ተክዬበታለሁ።